ለመጣው ኮከብ፣ ለነበረው ዋልካ

የገንዳ ውሃ ሰው የሚሰበስበው የታወቀ ነው፦ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ፣ በረሃውን የደፈረ ደግሞ ዕጣን። እኔ የጦርነት ሜዳሊያ እሰበስባለሁ። ባለቤቴ ይህን ለጎረቤት ስትነግር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። «ሰው የራሱን ሀብት ይሰበስባል፤ የእኔው የሰው ሽልማት!» ትላለች።

እርግጥ ሽልማቱም እጄ አልገባም። ዋጋውን በኩንታል ሰሊጥ ስመነዝረው ማሳ የሚያሸጥ ሆኖ ስላገኘሁት ስብስቤ ፎቶ ብቻ ሆኖ ስልኬ ውስጥ ይኖራል። የሚያዝያ ፀሐይ ስልኩን ሲያግለው ሙዚየሙ ይዘጋል።

የምመርጠው ከዚህ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ካለው ቆላችን ጋር ጉዳይ የነበራቸውን ነው። እንግሊዝ ለመቅደላ ዘማቾቿ የሰጠችው የብር ሜዳሊያ አንዱ ነው። መሐሉ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ዙሪያዋን ባለ 9 ጫፍ ኮከብ፤ በጫፎቹ መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ተበትኗል። ከጀርባው የወታደሩ ስም ጎልቶ ይነበባል። ይህ ሁሉ ሰው ባሕር አቋርጦ የመጣበት ቴዎድሮስ የእኛው የቋራ ልጅ ነው።

ሌላው የግብፁ ገዥ፣ የኸዲቩ፣ የሱዳን ሜዳሊያ ነው። ቢጫ ሪባን፣ መሐሉ ሰማያዊ፤ በረሃውና ዓባይ መሆናቸው ነው። በ1891 ዓ.ም. ገዳሪፍን ከሱዳን መሐዲስቶች ለነጠቁት «ገዳሪፍ» የሚል ትንሽ የብረት ሰሌዳ ሪባኑ ላይ ይጨመርላቸው ነበር። የእኛ ነጋዴ ገዳሪፍ ስንት ጊዜ ተመላልሷል! ኬላው ላይ ፍተሻ እንጂ ሰሌዳ የጨመረለት የለም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ «የአፍሪካ ኮከብ» የተባለው የእንግሊዞች ሜዳሊያ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴራቸው ስሊም በሱዳን በኩል ያለችውን ገላባትን ይዞ መተማን ሊደግም ሲል የጣሊያን አውሮፕላኖች አላስቀምጥ አሉትና ተመለሰ። ኮከቡን ለመሸለም ግን መተማን መያዝ ግዴታ አልነበረም፤ በጦር ቀጠናው 1 ቀን ማገልገል ይበቃ ነበር። የእኛ አርበኛ ሜዳሊያው ላይ ዘንባባ የሚጨመርለት በዓመት አንድ ነበር፤ ባለ 5 ዘንባባ ለመባል 5 ዓመት ዱር ማደር ነበረበት። ለአንዱ ቀን ኮከብ፣ ለአንዱ ዓመት ቅጠል!

ይህን ለአንድ ጎረቤታችን አዛውንት አጫወትኳቸው።

«አንድ ቀን ብቻ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን እዚሁ ነኝ። ማመልከቻው የት ነው የሚገባው?»

የነገሥታት ጉብኝት ሜዳሊያም ባገኝ አልጠላም ነበር። ችግሩ፣ ወደ እኛ ንጉሥ ለጉብኝት አይመጣም። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. ጎንደርን አይተው ወደ እኛ ሳይወርዱ ሄዱ፤ የቆላውን ሙቀት ሹክ ያላቸው ሳይኖር አይቀርም። ወደዚህ የወረዱት ሥራ የነበራቸው ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሊዋጉ መጥተው በዚያው ወደቁ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው፣ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዮሐንስ ለድንበሯ ከተማ የተረፋት ስማቸው ነው፦ መተማ ዮሐንስ። ደረት ላይ አይሰካም እንጂ ትልቅ ሽልማት ነው።

ሜዳሊያ የመጣውን እንጂ የነበረውን እንደማያከብር ከስብስቤ ተምሬያለሁ። የነበረውም የደረሰውን ሽልማት ሲቸግረው ወርቅ ቤት ወስዶ ያስቀልጠዋል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ከእናትዎ ሣጥን ሥር የአያትዎ ሜዳሊያ ካለ፣ እባክዎ እሳት አያሳዩት። የሰውየውን ስም፣ የትውልድ ቀበሌውንና የዘመተበትን ዓመት ጽፈው አብረው ያስቀምጡት። እንግሊዝ የተራ ወታደሯን ስም በብር ጽፋለች፤ እኛ በወረቀት ብንጽፍ አንከስርም።