ያለ ፈቃድ የበቀለ ጎመን

በሰሜን እንግሊዝ፣ ቶድሞርደን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ በቆሎ ተተክሎ ያውቃል። የተከለው ፖሊስ አይደለም። እሸቱ ሲደርስ ቀንጥሶ የሚሄደውም መንገደኛ ነው፤ ተረኛው ፖሊስ በመስኮት ቢያየውም አይጮህበትም። በጣቢያው ፊት ለፊት በተሠሩት መደቦች ላይ ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ ሲበቅል ማንም መጥቶ መንቀል ይችላል። በጠራራ ፀሐይ፣ በሕግ አስከባሪ አፍንጫ ሥር! «በጠራራ ፀሐይ» ያልነው ለአባባሉ ነው እንጂ ከተማዋ ይህን ዓይነቱን ፀሐይ ብዙም አታውቀውም።

ቶድሞርደን በማንችስተርና በሊድስ መካከል፣ በገደላማ ኮረብቶች ተከባ የተወሸቀች፣ 15,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። የጥጥ ፋብሪካዎቹ ዘመን አድምቋት አልፏል፤ ዝናቡ ግን አላለፈም። ወሰን የሚባለውን ነገር አክብራ የማታውቅ ከተማም ናት። በ1875 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተመረቀው ማዘጋጃ ቤቷ የተሠራው በያኔው የዮርክሸርና የላንክሸር ድንበር ላይ ስለነበር፣ አዳራሹ ውስጥ የሚደንስ ሰው በአንዱ ግዛት ጀምሮ በሌላው ይጨርስ ነበር ይባላል።

የበቆሎው ነገር የመጣው ከወይዘሮ ፓም ዋርኸርስት ነው። ወይዘሮ ፓም ሥራ ፈት ሆነው ጎመን ያማራቸው ሴት አይደሉም። ቶድሞርደን የምትተዳደርበትን የካልደርዴል ምክር ቤት በመሪነት ያገለገሉ፣ የመንግሥት ኒሻን የተሸለሙ፣ በከተማዋ ካፌ የነበራቸው ሰው ናቸው። በአጭሩ፣ አንዲት ማመልከቻ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሚቀጥለው ለመሻገር ስንት ወር እንደሚፈጅባት ከውስጥ ሆነው አይተዋል። ፈቃድ ሳይጠይቁ ለመትከል ድፍረት የሰጣቸው አካባቢን መውደድ ብቻ ሳይሆን ይኸው የቢሮ ዕውቀት ይመስለናል። ቢሮ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ማመልከቻ ያስገባ ነበር፤ እስከ ዛሬም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለ በተመላለሰ።

ወይዘሮ ፓም ለንደን ውስጥ በአንድ ጉባኤ ላይ የምግብ ፖሊሲ ሊቁን የፕሮፌሰር ቲም ላንግን ንግግር ሰሙ። ከጉባኤ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው ስም የታተመበት ቦርሳና እስክሪብቶ ነው። እሳቸው ግን በባቡር ሲመለሱ አንድ ጥያቄ ያወጡና ያወርዱ ነበር። ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም፣ ሀብታሙንም ድኻውንም እኩል የሚያናግር ነገር ምን አለ? መልሱ ሩቅ አልነበረም፤ ምግብ። ከዚያ ከወዳጃቸው ከሜሪ ክሊር ጋር በኩሽና ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አገሩ እንግሊዝ ነውና ሻይም ሳይቀዳ አልቀረም።

በ2008 ሐሳቡን ለሕዝብ ስብሰባ አቀረቡ። ለሁለት ሴኮንድ ያህል ጸጥታ ሆነ፤ ከዚያ አዳራሹ በጫጫታ ተናጋ። ስብሰባ ያየ ሰው እዚህ ላይ ኮሚቴ ይጠብቃል። ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ፤ ከዚያ መተዳደሪያ ደንብ፤ ከዚያ ማኅተም ማስቀረጽ፤ ከዚያ ማኅተሙ ማን ዘንድ ይቀመጥ በሚል ጠብ። እነዚህ ሰዎች ግን ስትራቴጂ አልጻፉም፤ የዕርዳታ ቼክም አልጠበቁም። ራሳቸውን ኢንክሬዲብል ኢዲብል ብለው ሰየሙና የአባልነት ደንቡን በአንድ መስመር ጨረሱት፤ የሚበላ ሁሉ አባል ነው። በዚህ ደንብ ከአባልነት የሚሰረዝ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሥራው በዘር መለዋወጥ ተጀመረ። ቀጥሎ በዋናው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ መሬት ተያዘች። ይህቺ መሬት በስም የሕዝብ ብትባልም በተግባር የከተማው ውሾች መጸዳጃ ነበረች። ከውሾቹ በቀር ባለይዞታ ነኝ የሚል አልነበረባትም፤ እነሱም አቤቱታ አላቀረቡም። መሬቷ ተቆፈረች፣ ተጸዳች፣ የማጣፈጫ ቅጠላ ቅጠል ተተከለባት። ከዚያ ደግሞ የባቡር ጣቢያው መኪና ማቆሚያ ጥግ ተራ ደረሰው። ጥብስ ቅጠል፣ ናና፣ ጦስኝና እንስላል በየመንገዱ በቀሉ። ከማንችስተር ሥራ ውሎ የሚመለሰው ሰው ከባቡር ወርዶ ለራቱ የሚሆነውን ቀንጥሶ ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ማዝገም ቻለ። የሰው ልጅ ከባቡር ጣቢያ ጥሩ መዓዛ ይዞ የተመለሰበት ጊዜ በታሪክ ብዙ አይመስለንም።

መትከሉ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ማስበላቱ ሆነ።

ሜሪ ክሊር በቤታቸው ፊት ለፊት የነበረውን የግቢ አጥር አፈረሱ። በቦታው አትክልት ተከሉና መንገደኛው ሁሉ ያሻውን ወስዶ እንዲሄድ የሚጋብዝ ሰሌዳ አቆሙ። እንግሊዛዊን በሰው ደጅ ገብተህ ሰላጣ ቀንጥስ ማለት ምን ያህል እንደሚያስጨንቀው ለመገመት አገሩን መርገጥ አያስፈልግም፤ እግሩን የረገጠውን ሰው ራሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ሕዝብ ነው። ሰሌዳውን ያነባል፤ ግራ ቀኙን ያያል፤ ሰሌዳውን ደግሞ ያነባል፤ ይሄዳል። «ነፃ» የሚባል ነገር ደግሞ የትም አገር ያስጠረጥራል። ዛሬ ሰላጣ የሰጡኝ ነገ ምን ሊሸጡልኝ ነው? ሃይማኖት ይሆን? ወይስ ምርጫ ደርሷል? ሰው እጁን ለመዘርጋት ጊዜ ወሰደበት። ከለመደ በኋላ ግን መደቡ ባዶ ሆኖ መገኘት ጀመረ፤ ባለቤቶቹም ደስ አላቸው። «አንዱ መጥቶ ሁሉን ጠርጎ ቢወስደውስ?» የሚል ጥያቄ የሚያነሣ ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። ጥያቄው የሚያስቸግረው ግን የተተከለው እንዲወሰድ መሆኑ ሲዘነጋ ነው። እንዲወሰድ የተተከለን ጎመን የወሰደ ሌባ ምን ተብሎ ይከሰሳል?

ፈቃድ የግድ የሆነበት ጊዜም ነበር። አዲሱ ጤና ጣቢያ ሲሠራ በዙሪያው የተተከለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ታማሚን በእሾህ የሚቀበል ጤና ጣቢያ ለምን እንዳስፈለገ የሚያውቀው ንድፉን ያወጣው ሰው ብቻ ነው። «ነቅለን የሚበላ እንትከልበት?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ፓም በ2012 ለንደን ውስጥ በቴድ መድረክ ላይ እንደቀለዱት ከሆነ መልሱ «ምንም ችግር የለም፤ ብቻ የፕላን ፈቃድ አውጡ፣ በላቲን ጻፉት፣ በሦስት ቅጂ አቅርቡ» የሚል ነበር። አቀረቡ። እሾሁ ተነቀለ፤ የፍራፍሬ ዛፍ፣ አትክልትና ለመድኃኒት የሚሆን ቅጠል ቦታውን ያዘ። መቃብር ቦታውንም አልማሩትም፤ እዚያም ተክለዋል። አፈሩ እጅግ ለም ነው እያሉ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስቃሉ። ቀልዱን ለአንባቢ ሆድ ስንል አናብራራውም።

ከጎመን ወደ እንቁላል ተሻገሩ። የከተማዋን ካርታ ሠርተው፣ ከቤት የተረፈ እንቁላል በራፋቸው ላይ የሚሸጡ ባለ ዶሮዎችን አንድ በአንድ አመለከቱበት። ሲጀመር ካርታው ላይ አራት ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ በ2012 ወደ 64 ደርሰዋል። የጎረቤት ዶሮ ካርታ ላይ ወጥታ የራስ ዶሮ ስትቀር ዝም ብሎ የሚያይ ባለ ዶሮ ያለ አይመስለንም። ቀጥሎ ሰዉ ሱቅ እየገባ «የቶድሞርደን እንቁላል አለ?» ማለት ጀመረ፤ ገበሬዎቹም ይህን ሲሰሙ የዶሮዎቻቸውን ቁጥር አበዙ። በገበያው ውስጥ ደግሞ የአካባቢው ምርት ምን ምን እንደሆነ በጠመኔ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ለነጋዴዎች ታደለ። በኋላ ሲጠየቁ ከምግብ ነጋዴዎቹ 49 ከመቶው ገቢያቸው መጨመሩን ተናግረዋል። «ገቢዬ ጨመረ» ብሎ በገዛ አፉ የሚናገር ነጋዴ በአንዲት ከተማ ይህን ያህል መገኘቱ ከበቆሎው በላይ ያስደንቃል።

ሙገሳው ልክ ያለፈበት ቦታም አለ። በ2011 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ከተማዋ አትክልቷን ሁሉ ራሷ ታበቅላለች የሚል ርዕስ አወጣ። ይህ ርዕስ ለጋዜጣው ሽያጭ ጥሩ ነው እንጂ ለሆድ አይሆንም። በመንገድ ዳር መደብ 15,000 ሰው አይጠግብም፤ በዚያ ዝናብና ብርድ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ባለቤቶቹ ራሳቸው እርሻ አላሉትም፤ የፕሮፓጋንዳ አትክልት ነው የሚሉት። ፌርማታ ላይ የበቀለ ሽንኩርት ዋና ሥራው ወጥ መሥራት ሳይሆን ወሬ ማስነሣት ነው። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ስለ አየሩ ማውራታቸውን ትተው ስለ ሽንኩርቱ ከተነጋገሩ፣ ቤታቸው ገብተው ማሰሮ ላይ ናና ከተከሉ፣ ልጃቸው ካሮት ከመሬት እንጂ ከላስቲክ ውስጥ እንደማይወጣ ካወቀ ሥራው ተሠርቷል። እንዲህ ያለውን ነገር በገንዘብ የሚተምን ሰው አይጠፋምና፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስልተው በሥራው ላይ የዋለ እያንዳንዱ 1 ፓውንድ ለከተማዋ 5 ፓውንድ ከ51 ፔንስ እንደሚመልስ ደርሰውበታል። አምስቱን ፓውንድ እንቀበላለን፤ 51 ፔንሷን ከየትኛው መደብ ሥር ቆፍረው እንዳወጧት ግን ለማየት በጓጓን።

ስሙ ዓለም ሲያዳርስ ሥራው ሥራ መሆኑን አልተወም። በጎ ፈቃደኞቹ እሑድ ጠዋት ቦቲ አድርገው ይወጣሉ፤ ያርማሉ፣ ብስባሽ ይበትናሉ፣ የወዳደቀ ቆሻሻ ይለቅማሉ፤ ሲጨርሱ አብረው ምሳ ይበላሉ። ጠላው ሲቀር ደቦ ማለት ነው። ደሞዝ የሚከፈለው የለም። አረም ደግሞ ለፎቶ አይመችም፤ ጋዜጠኛ የሚመጣው እንጆሪው ሲቀላ ነው።

ልዑል ቻርልስም፣ ገና ንጉሥ ሳይሆኑ፣ በ2010 መጥተው ጎብኝተዋል። ከእሳቸው ሌላ ከየአገሩ የሚጎርፈውን ጎብኚ የከተማዋ ሰዎች የአትክልት ቱሪስት ይሉታል። ሌላው ዓለም ፒራሚድና ቤተ መንግሥት ለማየት አውሮፕላን ሲሳፈር፣ እነዚህ ሰዎች ጎመን ለማየት ቶድሞርደን ድረስ ይመጣሉ፤ ምንም ባልበቀለበት ወቅት እንኳ ባዶውን መደብ በአክብሮት ጎንበስ ብለው ይመረምራሉ። ነዋሪዎቹ መቼም ብልሆች ናቸው፤ የጉብኝቱን መንገድ ሲቀይሱ በገበያውና በካፌዎቹ በኩል እንዲያልፍ አድርገውታል። ጎመኑ ነፃ ነው፤ ቡናው ግን ይከፈልበታል።

ሐሳቡ በብሪታንያ ከመቶ በላይ ቡድኖችን አፍርቷል፤ ፈረንሳይ ውስጥም ከመንደር መንደር ተዛምቷል። በ2023 ደግሞ የሃል ከተማ ምክር ቤት ነዋሪዎች ጥቅም ላይ ባልዋለ የሕዝብ መሬት ላይ ምግብ የማብቀል መብት እንዲኖራቸው በመወሰን በብሪታንያ ቀዳሚ ሆነ። የዚህ መብት አቀንቃኞች ወይዘሮ ፓምና ጓደኞቻቸው ናቸው። በውሾች መጸዳጃ ላይ ማንንም ሳያስፈቅዱ የጀመሩት ሰዎች አሁን ፈቃዱ ራሱ ሕግ ሆኖ እንዲጻፍ ይሟገታሉ። በሥልጣን ዘመናቸው ባለጉዳይ ደጅ ይጠናቸው የነበሩት የቀድሞዋ የምክር ቤት መሪም፣ በተራቸው የሌላውን ምክር ቤት ደጅ ይጠናሉ።