ከሶሌታ በኋላ የሚመጣ ተቃውሞ

የሕንፃ አዋጁ ግንባታ ያለ ፈቃድ አይጀመርም ይላል። የጎረቤት ፈቃድ የሚታወሰው ዘግይቶ፣ ያውም በፍርድ ቤት መጥሪያ ነው።

የአዲስ አበባ ጎረቤት መሠረት ሲቆፈር ምንም አይልም። እንዲያውም «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ብሎ መርቆ፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። አቤቱታው የሚመጣው ኮለኑ ቆሞ፣ ሶሌታው ተሞልቶ፣ የፎቁ መስኮት ወደ እሱ ጓሮ ማየት ሲጀምር ነው። ሕጉም አያጣድፈውም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ባይን ሁለት ዓመት ይታገሠዋል።

ከዚያ እግድ።

እግዱ በአንድ ማለዳ ይደርሳል፤ ክርክሩ ግን በቀጠሮ ነው። ባለሙያ ቦታውን አይቶ ያስረዳ ይባላል። ባለሙያው እስኪመጣ ሲሚንቶው በከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኗል፤ ፌሮው ዝጓል፤ ግንበኛው ሌላ ሰፈር ሥራ ይዟል።

አንቀጽ 1225 ደግሞ ጎረቤትን ከመጠን ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ጩኸት ማወክን ይከለክላል። የከሳሹ አውራ ዶሮ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጮኹ በአቤቱታው አልተካተተም።

ከሳሹና ተከሳሹ የአንድ እድር አባላት ናቸው። ችሎት ተሟግተው ውለው በማግስቱ ድንኳን አብረው ይተክላሉ። የጎደለውን እንጨት የሚያዋጣው ተከሳሹ ነው፤ ግንባታው በእግድ ስለቆመ ባሕር ዛፍ ሞልቶታል።