ክቧ ናት ኤክሷ?

አርባምንጭ፣ ሲቀላ ጌም ቤት ገብቶ ሳይማረር የሚወጣ ሰው ካለ ባለቤቱ ብቻ ነው። ሙቀቱን እንተወው። መብራቱንም እንተወው፤ ሦስት ለሁለት እየመራህ ድርግም ማለቱ የኖረ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሲዲው ነው።

በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን «ዊኒንግ ኢሌቨን» ከነጃፓንኛው ነበር የሚመጣልን። ኮሜንታተሩ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል፣ የሚለውን ግን የሚሰማ የለም። ሜኑውንም ማንም አያነበውም፤ «ሁለት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ» ተብሎ በቃል ይጠናል፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወረሳል። ጃፓኖቹ ጋ የክብ ቁልፍ «እሺ»፣ የኤክስ ደግሞ «ይቅር» ነው። ይኼስ ይገባናል፤ እኛም ደብተራችን ላይ ኤክስ ስንቆጥር ነው ያደግነው፣ ኤክስ ስህተት መሆኑን ለማወቅ ጃፓን መወለድ አያስፈልግም። ግን ጨዋታው ለአሜሪካና ለአውሮፓ ሲሰናዳ ተገለበጠና ኤክስ «እሺ» ሆነ። አንዱ ቲቪ ላይ የጃፓኑ፣ ጎኑ ያለው ላይ የእንግሊዝኛው ሲዲ ይሽከረከራል። ወንበር የቀየረ ልጅ በለመደው ጣቱ ይጫንና የሰው ማስተር ሊግ፣ ስንት ሳምንት የተለፋበት፣ ድራሹ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ጃፓኖቹም ኤክስን «እሺ» እንዲሉ ተደረገ። ለእኛ ጣት ግን ዘገየ።

እንግሊዝኛው ሲዲ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የስም ፈቃድ ስላልነበረ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ማንቸስተር ዩናይትድ «ማን ሬድ» የሚባልባቸው ዓመታት ነበሩ። ቀደም ባሉት ሮቤርቶ ካርሎስ ራሱ «ላርኮስ» ነበር። ሰውየውን ከጭንቅላቱና ከቅጣት ምቱ ነው የምንለየው።

ስም ከተነሳ፣ ዮይቺ ታካሃሺ እ.ኤ.አ. በ1981 መሣል የጀመረውን ኳስ ተጫዋች ልጅ እናስታውስ። ስሙ ሱባሳ ነው። እኛ ያወቅነው ግን በዲሽ፣ በዓረብኛ፣ «ካፒቴን ማጂድ» ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የዊኒንግ ኢሌቨን ወራሽ በሆነው «ኢፉትቦል» ውስጥ በጃፓን ስሙ ብቅ ሲል «ማጂድ ነው!» «ኧረ አይደለም!» ተብሎ ጭቅጭቁ የቡና ዋጋ አስይዟል። የሚገርመው ነገር፣ ልጁን ዓረቡ እንደራሱ አድርጎ ሰየመው፣ ሌላውም እንደሚመቸው አዘጋጀው፣ እኛ ግን ሌሎች ለራሳቸው ያበሰሉትን በየተራ እንቀምሳለን። ስልካችን በአማርኛ ይሠራል፤ ጨዋታው ሲከፈት ከሚቀርበው የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ግን አማርኛ የለም። የሰፈራችንን ጋሞኛማ ማን አስቦት!

ጃፓኖቹ ለገዛ ጄ ሊጋቸው ለብቻው ሲዲ ያወጡ ነበር። የእኛ ሰፈር ልጅ የአርባምንጭ ከተማ ክለብን፣ «አዞዎቹን»፣ ጨዋታው ውስጥ ማስገባት ሲያምረው ማሊያውን ራሱ ይቀባል፣ ተጫዋቹን ራሱ ይቀርጻል። ስም መጻፍ ላይ ሲደርስ የጃፓን ፊደል አለ፣ ላቲን አለ፣ የግዕዝ ፊደል የለም። በላቲን አንድ በአንድ እየለቀመ አማካዩ ላይ ሳይደርስ ባለቤቱ ከበር «ሰዓት አልቋል፣ ትጨምራለህ ወይስ ትነሳለህ?» ይለዋል።