ነገረ ተቀማጭ፦ ሳይነኩት ስለሚያንስ ገንዘብ የቀረበ አጭር ድርሳን

የጥንት ሊቃውንት ንብረትን ሁሉ ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ብለው ለሁለት ሲከፍሉ፣ ባለበት ተቀምጦ ባለበት የሚያንስ ሦስተኛ ወገን እንዳለ ሳይገለጥላቸው አልፈዋል። ይህም ወገን ባለቤቱ ከፍቶ የረሳው፣ ከዘመን ዘመን ገቢም ወጪም የማይጎበኘው የባንክ ሒሳብ ነው።

ምርመራው የተደረገበት ሒሳብ የተከፈተው በአራዳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ብዙ በማይርቅ ቅርንጫፍ፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት እንዲለወጥ በታወጀ ጊዜ፣ ሕዝቡ ከፍራሽ ሥርና ከሣጥን ያወጣውን ገንዘብ ይዞ በተሰለፈበት ሰሞን ነው። ለውጡ ሲያልፍ ባለቤቱ ለደብተሩ ክብር ያህል ጥቂት ብር ትቶ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ቤት ሲፈርስ ቅርንጫፉ ስፍራውን ለቀቀ፤ የአገልግሎት ክፍያው ግን አዲሱን አድራሻ ማንንም ሳይጠይቅ ሒሳቡን አገኘው።

ዓፄ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የጥንቱን የአቢሲኒያ ባንክ ሲመርቁ፣ ባንኩ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የቆመ፣ የ50 ዓመት ውልም የያዘ ነበር፤ ማርትሬዛውን በእንስራ አድርጎ የሚቀብር ሰው ግን በዚህ ምክንያት ልማዱን አልተወም። ይህ ልማድ ካለማወቅ ሲቆጠር ኖሯል። ነገር ግን 1780 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ያ ብር 28 ግራም ያህል መዝኖ ከተቀበረ 28 ግራም ያህል መዝኖ ስለሚወጣ፣ ፍርዱ እንደገና ሊታይ ይገባል። የአደባባዩ ሐውልትም ምስክር ነው፤ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመርቆ፣ በፋሽስት ወረራ ዘመን ተነቅሎ ከተቀበረ በኋላ፣ ነጻነት ሲመለስ ወጥቶ በመንበሩ ሲቆም፣ ከምድር በታች ለቆየበት ዘመን የጥበቃ ዋጋ ተብሎ ከፈረሱ ኮቴ ቅንጣት ነሐስ አልተቆረጠም።

የክፍያውን ምክንያት በአንድምታ መምህራን ሥርዓት ብንተረጉመው እንዲህ ይሆናል። ክፍያው ለካርድ ነው፤ ካርዱ ግን ከተሰጠበት ፖስታ ወጥቶ አያውቅም። አንድም ለስልክ መልእክት ነው፤ መልእክቱም ለመልእክት ገንዘብ መቆረጡን የሚያበሥር ነውና፣ ክፍያው ባይኖር መልእክቱ፣ መልእክቱ ባይኖር ክፍያው ባልኖረም ነበር። አንድም ገንዘቡን ከሌባ ለመጠበቅ ነው፤ ሌባ ግን የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው እንጂ ቀጠሮ ይዞ አይመላለስም። በዚህ ሁሉ ላይ ከመቶ 15 የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል፤ ተኝቶ በከረመ ገንዘብ ላይ የተጨመረው እሴት ምን እንደ ሆነ ለተከታይ ሊቃውንት ትተነዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በዐቢይ ጾም፣ በገብር ኄር ሰንበት የሚነበበው የወንጌል ምሳሌ ነው። ሐኬተኛው አገልጋይ የተወቀሰው መክሊቱን ለለዋጮች ሰጥቶ በማትረፍ ፈንታ መሬት ቆፍሮ ስለ ቀበረ ነው። ለዋጮቹ በዛሬው ፒያሳ የሚገኙ ቢሆኑስ? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የወሰነው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ከመቶ 7 ነውና 100 ብር በዓመት 7 ብር ይወልዳል፤ በዓመቱ አንድ የ10 ብር ክፍያ ብቻ ቢቆረጥ እንኳ ከነታክሱ 11 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ ያ ሐኬተኛ ምክሩን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ በስንፍናው ላይ የጉድለት ተጠያቂ በሆነ ነበር፤ መሬት ግን የተሰጣትን ሙሉውን መልሳለች።

ዕድርም ሰው ሳይሞት በየወሩ ያስከፍላል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዕድር ግን በሞትን ዕለት ድንኳኑን ይዞ ይመጣል፤ ሒሳቡ ባዶ በሆነ ዕለት ከባንኩ ማንም ለቅሶ አልደረሰም።

እንግዲህ የዚህ ድርሳን ፍርድ፣ ባንክ ለሚመላለስበት ሰው እጅግ መልካም ቤት ሲሆን፣ ለሚረሳው ሰው ግን ከመሬት ያነሰ ጎተራ ነው የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሒሳብ ካለህ፣ ቀሪው ገና ሳያልቅ መታወቂያህን ይዘህ ሄደህ አዘጋው፤ ለመዝጊያም የሚከፈል ነገር እንዳለ አስቀድመህ ጠይቅ።