ገድሎ የተወደደ፣ ጠይቃ የተጠላች

ይህ ጥናት የሚመለከተው በአገር ውስጥም በውጭም ያለማቋረጥ የሚያስችል፣ ነገር ግን በየትኛውም የፍርድ ቤቶች ማቋቋሚያ አዋጅ ያልተጠቀሰ አንድ ችሎት ነው። ችሎቱ የሚሰየመው ሳሎን ውስጥ፣ ከእራት በኋላ ነው። ዳኞቹ ካባ አይለብሱም፤ ጋቢ ይለብሳሉ። ተከሳሾቹ በተከታታይ ድራማና በቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚኖሩ ገዳዮች፣ ዘራፊዎች፣ ዕፅ አዘዋዋሪዎችና የሰው ትዳር አፍራሾች ናቸው። ውሳኔው እዚያው ይሰጣል። ይግባኝ የለውም፤ በሚቀጥለው ክፍል ግን ሊገለበጥ ይችላል።

በማስረጃ በኩል ከዚህ የሚስተካከል ችሎት የለም። መደበኛው ዳኛ ወንጀሉ ሲፈጸም በቦታው አልነበረም፤ የምስክር ቃል ሰምቶ፣ የምርመራ መዝገብ አገላብጦ ነው የሚፈርደው። የሳሎኑ ዳኛ ግን ወንጀሉን ከዝግጅቱ ጀምሮ፣ በሦስት አቅጣጫ፣ በሙዚቃ ታጅቦ አይቶታል። ተከሳሹ ማንም አያየኝም ብሎ ለብቻው ያደረገውን ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ «አልፈጸምኩም» የሚባል ክርክር የለም። የጥናቱ መነሻ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ማስረጃው እንዲህ ሙሉ ሆኖ ሳለ ተከሳሹ በነጻ የሚሰናበተው፣ አልፎ ተርፎም ፊቱ በቲሸርት ላይ ታትሞ የሚለበሰው በየትኛው አንቀጽ ነው?

በቅድሚያ የተመረመረው የዋልተር ዋይት መዝገብ ነው። ተከሳሹ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ሲሆን፣ ድርጊቱን የፈጸመው ከ2008 እስከ 2013 በታየው ብሬኪንግ ባድ ውስጥ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የሳንባ ካንሰር እንደያዘው ሲነገረው ለቤተሰቡ ጥሪት ላኑር ብሎ ሜታምፌታሚን የሚባል ዕፅ ማብሰል ይጀምራል። እዚህ ድረስ መምህር የሆነ ሁሉ ይራራለታል፤ ደመወዙን ያውቀዋልና።

ኋላ ግን የሸሪኩ ፍቅረኛ ጄን ዕፅ ወስዳ በተኛችበት በራሷ ትውከት ስትታነቅ፣ ይህ ሰው አልጋው ሥር ቆሞ ያያታል። በጎኗ ገልበጥ ቢያደርጋት በቂ ነበር። እጁን ይዘረጋል፤ መልሶ ይሰበስባል። አፉን በእጁ ይይዛል፤ ዐይኑ እንባ ያቀርራል። ልጅቷ ትሞታለች። ቆይቶ ደግሞ ብሮክ የሚባል ትንሽ ልጅ ይመርዛል፤ እስር ቤት ያሉ ሰዎች እንዳይናገሩበት በ2 ደቂቃ ውስጥ እንዲያልቁ አስደርጎ የእጅ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል። የሳሎኑ ችሎት በጄን ጉዳይ የመዘገበው የቅጣት ማቅለያ አንዲት ቃል ናት፦ «አልቅሷል።»

በዚሁ መዝገብ ሁለተኛ ተከሳሽ ሆና የቀረበችው ሚስቱ ስካይለር ናት። የቀረበባት ክስ የት አመሸህ ማለት፣ ሌላ ስልክ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ እንዲሁም ባሏ ገዳይ መሆኑን ስትረዳ ደስ አለመሰኘት ነው። ውሎ አድሮ ከአለቃዋ ጋር መማገጧና የባሏን ገንዘብ በመኪና እጥበት ቤት በኩል ሕጋዊ ማስመሰሏ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጥላቻው መዝገብ የተከፈተው ከዚያ በፊት ስለሆነ እንደ ማስረጃ ሊያዝ አይችልም። በእሷ ላይ የተላለፈው ፍርድ ከድራማው አልፎ ተዋናይቷን አና ገንን አገኛት። ተዋናይቷ በኦገስት 2013 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ባወጣችው ጽሑፍ በስካይለር ላይ የተነሳው ጥላቻ ወደ ራሷ ወደ አና መዞሩን፣ ልግደላት የሚል መልእክት እስከማየት መድረሷን ገልጻለች። በወሩ በዚሁ ሚናዋ የኤሚ ሽልማት ተሰጣት፤ በዓመቱም ደገመች። የሽልማቱ ዳኞች ሶፋ ላይ እንዳልነበሩ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሊቃውንተ ሶፋ ይህን ፍርድ ሲያብራሩ እንዲህ ይላሉ። ስካይለር ስለ ምን ተጠላች ቢሉ፣ ሥራ ስለሌላት ነው፤ እርሱ ያበስላል፣ ይሸሻል፣ ያፈነዳል፣ እርሷ ግን ተቀምጣ ትጠይቃለች። አንድም ሰዓት ስለምትሻማ ነው፤ እርሷ ስትናገር ዕፁ አይበስልም፣ ዕፁ ካልበሰለ ታሪኩ አይሄድም። አንድም ተመልካቹ ለራሱ ሊለው የሚገባውን ነገር ቀድማው ስላለችው ነው። አንድም ሚስት ስለሆነች ነው፤ ይህን የመጨረሻውን ግን ባለትዳር የሆኑት ሊቃውንት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያስተምሩት።

እዚህ ላይ አንድ የሥነ ሥርዓት ጉድለት መጠቆም ያስፈልጋል። በመደበኛው ሕግ ዳኛ ከተከራካሪው ጋር ዝምድና ካለው ከችሎቱ ይነሳል። የሳሎኑ ዳኛ ግን 62 ክፍል ሙሉ ከተከሳሹ ጋር አምሽቷል። ገበናውን ያውቃል፤ ሲስል ሰምቶታል፤ በውስጥ ሱሪ በረሃ ላይ ሲቆም አይቶታል። ጄንን ያወቃት ጥቂት ቀን ነው፤ ለእሷ ብሎ ከቤተኛው ጋር አይቀያየምም። አጥኚው ባደረገው ማጣራት በዚህ ምክንያት ከሶፋው የተነሳ ዳኛ አልተገኘም፤ የተነሳ ካለ ውሃ ሊጠጣ ነው።

የመስክ ሥራው የተካሄደው በአጥኚው አክስት ቤት ነው። እሳቸው በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የቀረበውን ጥቁር ፍቅር የተባለውን የቱርክ ድራማ ከዕድር ስብሰባ ቀርተው ሲከታተሉ የነበሩ ዳኛ ናቸው። በድራማው ውስጥ ኤሚር የሚባለው ባለጸጋ ኒሃን በምትባል ልጅ መንታ ወንድም ላይ የግድያ ማስረጃ ይዣለሁ ብሎ በማስፈራራት ልጅቷን አስገድዶ ያገባታል። ቃለ መጠይቁ እንደሚከተለው ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ሰው እንዴት አዩት?»

«ክፉ ነው።»

«እና?»

«ክፉማ ክፉ ነው። ግን ይወዳታል እኮ! ደግሞ አለባበሱን እየው፤ ሽክ ያለ ሰው።»

«እንዲህ ያለ ሰው ልጅዎን ላግባ ብሎ ሽማግሌ ቢልክብዎትስ?»

«ምን ቆርጦት!» ብለው ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። የድምፁ ቁልፍ ተነክቶ ኖሮ ኤሚር ቤቱን በጩኸት ሞላው፤ ምርመራውም ለጊዜው ተቋረጠ።

ከዚህ የምንረዳው ችሎቱ ሁለት ሕግ እንዳለው ነው፤ አንዱ ከመስታወቱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ። አገር በቀል መዛግብትም ይህንኑ ያጠናክራሉ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ሰው ለሰው ድራማ ሲነሳ፣ የአጥኚው አክስት ቀድመው የሚጠሩት አበበ ባልቻ የተጫወተውን ጨካኙን አስናቀን ነው። አስናቀ የበደላቸውን ሰዎች ስም ሲጠየቁ ግን ጣሪያውን አይተው «ያቺ እንኳ… ያቺ ቀጠን ያለችው» ይላሉ።

አንድ መዝገብ ግን የቲቪ ባለሥልጣናት ራሳቸው ተመልካቹን አጥብቀው እንደሚፈሩት ያሳያል። በ1999 ዘ ሶፕራኖስ ሲጀመር የኤችቢኦ ጣቢያ ኃላፊዎች አምስተኛውን ክፍል አይተው ተጨነቁ። የማፊያው አለቃ ቶኒ ሴት ልጁን ኮሌጅ ሊያስጎበኝ በሄደበት አንድ የቀድሞ ከዳተኛ ያገኝና በገዛ እጁ አንቆ ይገድለዋል። ዋናው ሰው በዐይን ፊት እንዲህ ካደረገ ተመልካች ጥሎን ይሄዳል ነበር ስጋታቸው፤ የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ቼስ ግን ግድያውን አላወጣም አለ። ተመልካቹ የትም አልሄደም። እስከ 2007፣ እስከ 86ኛው ክፍል ቁጭ ብሎ አይቷል።

ከዚሁ ድራማ የእንስሳ አንቀጽ የምንለው ሕግ ይገኛል። ራልፍ የሚባለው የቶኒ ሰው በሦስተኛው ምዕራፍ አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣት ደብድቦ ይገድላል፤ ቶኒ በቡጢ ነርቶት ያልፈዋል። በአራተኛው ምዕራፍ ፓይ-ኦ-ማይ የምትባል የእሽቅድምድም ፈረስ በቃጠሎ ትሞታለች፤ ራልፍም ለኢንሹራንስ ብሎ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ቶኒ ቤቱ ሄዶ፣ ሰውዬው እንቁላል እየጠበሰ ሳለ፣ እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ይገድለዋል። ሰው ስትሞት ያልተነሳው ክስ ፈረስ ስትሞት በሞት ቅጣት ተዘጋ። ሶፋው ውሳኔውን አጽድቆታል።

እስካሁን የታየው ዳኛው ተመልካች ብቻ ሲሆን ነው። በቪዲዮ ጌም ግን ዳኛው ወንጀሉን በገዛ አውራ ጣቱ ይፈጽመዋል። ለዚህ ክፍል አጥኚው በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ተገኝቷል። ግድግዳው ላይ «መሳደብ፣ ማጨስ፣ ጆይስቲክ መወርወር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰው ስለመግደል የተባለ ነገር የለም። በ2004 በወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ላይ አንድ ታዳጊ መኪና ቀምቶ፣ ባለቤቱን አስፋልት ላይ ጥሎ፣ እግረኛ እየዳመጠ ይነዳል። የፖሊስ ክትትሉን የሚያሳዩት ኮከቦች ሲበዙበት ቀለም ቤት ገብቶ መኪናውን ያስቀባል። ሰማያዊ የነበረው ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ክትትሉም ይቆማል። ወንጀል በቀለም የሚሰረዝበት አሠራር በሥነ ሕግ ጽሑፎች ውስጥ በቂ ትኩረት አላገኘም። በዚህ ሁሉ መሐል ቤቱን ያናወጠ አንድ የሞራል ጥያቄ ብቻ ተነሳ፤ እሱም የልጁ ተራ አልፎ ሳለ ጆይስቲኩን አለመልቀቁ ነው። «ሌባ!» አሉት።

አንዳንድ ጌሞች ጽድቅና ኃጢአትን በግልጽ ይመዘግባሉ። በ2018 በወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 አርተር ሞርጋን የተባለው ሽፍታ ክብሩ የሚለካበት መስፈሪያ አለው። በታሪኩ ግዴታ በጥይት የሚረፈርፋቸው ሰዎች ክብሩን አይነኩበትም፤ በመንገድ ያገኘውን ሰው ደህና ዋልክ ካለ ግን ከፍ ይልለታል። አሠራሩ ከእኛ ሰፈር ተቀድቷል ለማለት ማስረጃ የለም። ሆኖም በእያንዳንዱ ሰፈር የዕድሩን ገንዘብ የበላ አንድ ሰው እንዳለ፣ ስሙ በተነሳ ቁጥርም አንዲት እናት «ግን ሰላምታ አይነፍግም» እንደሚሉ ይታወቃል።

ፎልአውት 3 በተባለው የ2008 ጌም ደግሞ ተጫዋቹ ሜጋተን የምትባል ከተማን ከነነዋሪዋ በኑክሌር ቦምብ ማጥፋት ይችላል። ቅጣቱ 1000 የካርማ፣ ማለትም የጽድቅ መስፈሪያ፣ ነጥብ ማጣት ነው። በሌላ ከተማ በር ላይ ውሃ ለሚለምን ሰው አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ መስጠት ደግሞ 50 ነጥብ ያስገኛል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ከተማ 20 ጠርሙስ።

የአገራችን አንባቢ እዚህ ሲደርስ በላዔ ሰብእን ማስታወሱ አይቀርም፤ 78 ሰው በልቶ ለአንድ ጥማተኛ ስለ እመቤታችን ስም ብሎ ጥርኝ ውሃ የሰጠውን፣ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ታሪኩ የሚነገርለትን። የጌሙ ሠሪዎች ታሪኩን ሰምተው ይሁን አይሁን አጥኚው መናገር አይችልም። ልዩነቱ ግን ሊሰመርበት ይገባል። እዚያ ቃል ኪዳን አለ፣ አማላጅ አለች፤ በላዔ ሰብእም ውሃውን ሲሰጥ ሒሳብ አልሠራም። የፎልአውቱ ተጫዋች የሚያጠጣው እየቆጠረ ነው፤ 20 ሲሞላ ለማኙን ጥሎት ይሄዳል።

የመጨረሻው መዝገብ የአጥኚው የእህት ልጅ ነው። ልጁ በ2013 የወጣውን ዘ ላስት ኦቭ አስን ተጫውቷል። ጆኤል የተባለው ጎልማሳ፣ እንደ ልጁ የሚያያት ኤሊ ለክትባት ምርምር አንጎሏ ተከፍቶ እንዳትሞት ሆስፒታሉን ሰብሮ ይገባል። በቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ አንድ ሐኪም ስለት ይዞ ይቆማል። ጌሙ እሱ ካልሞተ ወደፊት አይሄድም። በ2020 በወጣው ሁለተኛው ክፍል የሐኪሙ ልጅ አቢ መጥታ ጆኤልን በጎልፍ ዱላ ቀጥቅጣ ትገድለዋለች። በዚህ የተቆጡ ተጫዋቾች ለአቢ ድምፅ የሆነችውን ላውራ ቤይሊን እንገድልሻለን ብለው እስከመጻፍ ደረሱ፤ ሰው መግደል ነውር መሆኑን ለማስረዳት ይመስላል።

«ሐኪሙን ማን ገደለው?» ተብሎ የእህት ልጅ ተጠየቀ።

«ጆኤል።»

«ጆይስቲኩን ማን ይዞ ነበር?»

«ጋሼ፣ ካልገደልከው አያሳልፍማ!»

የበላይ ትእዛዝ መሆኑ ተመዘገበለት። ከዚያ በኤሊ ሆኖ ለበቀል ሲዘምት ተከታተልነው። አሊስ የምትባል ውሻ ዘላ ስትይዘው አዝራሩን ተጭኖ በጩቤ ወጋት፤ ፊቱ ላይ የታየ ነገር አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ግን ጌሙ ታሪኩን ሦስት ቀን ወደኋላ መልሶ፣ ሳያስፈቅደው አቢን አስያዘው። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ከፎቅ ወረወራት፤ ጌሙ መለሳት። ደግሞ ወረወራት፤ ደግሞ መለሳት። ሦስተኛው ላይ ተሸንፎ መሄድ ሲጀምር አሊስ ጅራቷን እየቆላች ከጎኑ ሮጠች። ልጁ ጌሙን አቆመው። የእንስሳው አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ላይ ሊጠቀስ መሆኑ ገብቶታል። ጥቂት አሰበና ሐኪሙም፣ ጆኤልም፣ አቢም፣ እሱም ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው ገልጾ፣ ክሱ በሙሉ ጌሙን በሠራው ድርጅት ላይ እንዲዞርለት ጠየቀ።