ከዚህ በኋላ «ተከራይ» እየተባልኩ የምጠራው

ዕድሜ ልኬን የሰው የኪራይ ውል ስጽፍ ኖርኩ። በኦሊቬቲ ታይፕ ጀመርኩ፣ አሁን በኮምፒውተር ነው። «ከዚህ በኋላ አከራይ እየተባለ የሚጠራው» ብዬ የጻፍኩለት ሁሉ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደርብ፣ እኔ እስከ ዛሬ ከውሉ ሁለተኛ መስመር ፈቀቅ አላልኩም።

የእህቴ ልጅ ከዋሽንግተን በመጣ ቁጥር ይመክረኛል። «ጋሼ፣ ኪራይ እኮ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው፤ ለምን ቢሮ አይገዙም?»

የቤት ባለቤትነትን ለኔ! አባቴ ፒያሳ ከምንኖርበት ሌላ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ሲባል ሬዲዮኑን ዘጉት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት ሲያወሩ አልሰማኋቸውም። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነ ቤት ለቀበሌ ነበርና የኛም ለቀበሌ ሄደ። ከዓመታት በኋላ የጽሕፈት ሥራ ልከፍት ክፍል ባመለክት የደረሰኝ የቱ ቢሆን ጥሩ ነው? የአባቴ ቤት፣ የመንገድ ዳሩ ክፍል! በወር 18 ብር። አባቴ ስንት ምስማር በመቱበት ግድግዳ ላይ አንዲት ምስማር ለመምታት ማመልከቻ ጻፍኩ። ጸሐፊው እኔው ስለሆንኩ በነጻ።

ግን እግዜር ይይልኝ፣ እንደዚያ ክፍል የተመቸኝ የለም። የቀበሌ ቤት ኪራይም አይደል፣ የራስም አይደል፤ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፣ አያወርስህም፣ አያባርርህም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ግን ግድግዳውም ምስማሩም አብረው ሄዱ።

አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ኪራዩ በካሬ። ክፍሌ 14 ካሬ ናት፤ ውሉ ላይ 19 ሆናለች። ኮሪደሩና ደረጃው «የጋራ መጠቀሚያ» ተብሎ ታስቦብኝ ነው። ታዲያ የደረጃ ኪራይ የምከፍል ሰው ደረጃው ላይ ጥቂት ባርፍ ጥበቃው ምን አድርግ ብሎ ያስነሳኛል? መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ ደንበኞቼ ደግሞ እንደኔው ጉልበታቸውን የጨረሱ ናቸው። ከታች ሆነው ይደውላሉ፣ እኔ እወርዳለሁ። የድሮዎቹ ከነጭራሹ አላገኙኝም። ሰው የሚያውቀው ለካ ስሜን ሳይሆን ደጃፌን ኖሯል፤ «ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ያለው ታይፒስት» ነበርኩ። ፎቶ ቤቱም የለም። የእህቴ ልጅ ኪራይና ግዢን በስልኩ ሲያሰላ ደጃፍን የሚያስገባበት ቦታ አጣ።

እሺ፣ ልግዛ ብዬ ባንክ ሄድኩ። ልጅቷ ትሑት ናት። «አባባ፣ የሚያስይዙት ቤት አለዎት?»

«ቤት ቢኖረኝማ ምን ያመጣኛል፣ ልጄ?»

የኮንዶሚኒየም ሥር ሱቆች በጨረታ ሲወጡም ሰነድ ገዛሁ። ያስገባሁት ዋጋ ሲነበብ አጠገቤ ያለው ጎረምሳ በካሬ የሞላሁ አልመሰለውም፤ በክንድ መሰለው። ባሸንፍስ? መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሊዝ የያዘው ባለ ፎቅም ዘመኑ ረዘመ እንጂ ያው ተከራይ ነው። ይህን ሳስብ እጽናናለሁ፣ የኪራይ ቀን እስኪደርስ።

ለመኖሪያ ቤት ተከራይስ አዋጅ 1320/2016 ወጣለት፤ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም። አዋጁን ለስንቱ ኮፒ አድርጌ ሰጠሁ! እኔ ግን የስድስት ወር ከፍዬ ነው የገባሁት፤ ክፍሌ የሥራ ናትና አዋጁ አያውቃትም። አልጋ ላስገባባት ሁሉ አስቤ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አከራዬ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ያከብረኛል። «ጋሼ፣ ዶላር እኮ ጨመረ።»

«እኔ የተከራየሁት ክፍል ነው እንጂ ዶላር ነው እንዴ?»

ሳቀና ማስታወቂያ አጻፈኝ፤ ከመስከረም ጀምሮ ኪራይ መጨመሩን ለሕንፃው ተከራዮች በሙሉ የሚገልጽ። አረፍተ ነገሩን አሳመርኩለት፤ «በታላቅ አክብሮት» የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ። 32 ቅጂ አተምኩ፣ በገጽ ሒሳቤን ተቀበልኩ። ከሰዓት በኋላ ጥበቃው አንዱን ቅጂ ይዞ በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ መቀበልዎን እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ።»