ያድግበታል

ጳጉሜን ገብታ የትምህርት ቤት ዕቃ ገበያው ሲደራ፣ አርባን የተሻገረ ሰው ሁሉ በጫማ መደብር መስታወት ፊት ቆሞ መተከዝ ይጀምራል። ዋጋው ነው ያስተከዘው እንዳትሉ፤ ዋጋውን ገና አልጠየቀም። ልጅነቱ ትዝ ብሎት ነው።

በእሱ ልጅነት ጫማ ጫማ ነበር። አርመኖች ያቋቋሙት፣ ኋላ ደርግ የወረሰው አንበሳ ጫማ ይሁን ጥቁር ዓባይ፣ አንዴ ከተገዛ ታላቅ ተጫምቶት ለታናሽ፣ ከታናሽ ተርፎ ለጎረቤት ልጅ ይደርስ ነበር። ዋጋውንም አይረሳም። አንዱ «ሃያ ብር» ሲል ሌላው «የምን ሃያ! ለእኔ በአሥራ ሁለት ነው የተገዛልኝ» ይለዋል፤ የታዘዘው ቡና እስኪመጣ ስምንት ብር ይገባል። በዚህች አገር ዋጋ ሲወርድ የሚታየው በዚህ ጨዋታ ላይ ብቻ ነው። ከዋጋው የተቀነሰው ደግሞ መንገዱ ላይ ይጨመራል። አምና ግማሽ ሰዓት በእግር ያስኬድ የነበረው ትምህርት ቤት ዘንድሮ ሁለት ወንዝ ያሻግራል።

አንድ ነገር ግን ማንም አያነሣም፤ ያ ሁሉ የሚወደስ ጫማ ልካቸው አልነበረም። እናት መርካቶ ስትወርድ ልጁን አታስከትልም፤ ግፊያውን ማን ይችላል? የእግሩን ርዝመት በክር ለክታ፣ ክሩን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትሄዳለች። ጫማ ተራ ስትደርስ ክሩን ፈታ ሶሉ ላይ ትዘረጋና ከጫፉ ሁለት ጣት ታስተርፋለች። «ያድግበታል» ትላለች። ነጋዴውም ለዚህ ሒሳብ አያንስም። ጠበበ ስትለው «ቆዳ ስለሆነ ይለጠጣል፣ እናቴ»፤ ሰፋ ስትለው «በካልሲ ልክ ይመጣል»። በእነዚህ ሁለት መልሶች ምክንያት ለሰው እግር የማይሆን ጫማ መርካቶ ውስጥ ታይቶ አያውቅም።

የተረፈው ሁለት ጣት በጋዜጣ ይሞላል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመን ስንት ዐይን እንዳነበበው እንጃ፤ የብዙ ልጅ አውራ ጣት ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል። መስከረም ላይ ሙሉ ገጽ ተጠቅጥቆ ይገባል። ጥር ላይ ግማሹ ይወጣል። ጋዜጣው አልቆ እግሩ በመጨረሻ ሲሞላ ደግሞ ሶሉ አፉን ይከፍታል። እግርና ጫማ ተስማምተው የከረሙት ምናልባት ከሁዳዴ አጋማሽ እስከ ፋሲካ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለውማ የባሰበት ነበር፦ እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስነድፍና ወረቀቱ በፖስታ ይላካል። ጫማው የሚመጣው ወደዚህ የሚመለስ ሰው ሲገኝ ነው፤ እግር ደግሞ ሰው እስኪገኝ ቆሞ አይጠብቅም። ተነድፎ የተላከው የታላቅየው እግር፣ ጫማውን ያደረገው ታናሽየው።

የኮንጎ ጫማ ወሬ ሲነሣ ዐይናቸው እንባ ያቀርራል። ያኔም ያቀርር ነበር፣ በሌላ ምክንያት። ላስቲክ ነውና ፀሐይ ሲመታው እግር ይቀቅላል፤ ውሃ ሲገባበት በየእርምጃው ይጮኻል፤ ሲበጠስ በጋለ ቢላዋ ይበየዳል፣ ብየዳውም ቁርጭምጭሚት ይልጣል። ስንት ሌሊት የቆዳ ጫማ አምሮት ያለቀሰ ሰው ዛሬ «ኮንጎ እኮ ቀረ!» ብሎ ይቆጫል። ይቅር እንጂ! እንዲቀርለት እሱ ራሱ ስንቴ ተስሎ የለም?

አዲሱን ጫማ እራስጌው አድርጎ፣ የቆዳውን ሽታ እየማገ ያደረ ልጅ ትዝታው ቢጣፍጠው አልፈርድበትም። ያ ሌሊት እውነት ነው። ማግስቱ ላይ ግን አዲስ ጫማ ያየ የክፍል ጓደኛ ሁሉ ሊረግጠው ይጋፋ እንደነበር አብሮ ቢያስታውስ ምን ነበረበት? የእኔ ቅሬታ ትዝታው የሌላ ሰው እግር ላይ ሲወጣ ነው።

በቀደም አንድ ጫማ መደብር ውስጥ ያየሁት አባት ለዚህ ምስክሬ ነው። ልጁ ተረከዙ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ጫማ ይዞ አልለቅም ብሏል። «ይሄ ጫማ ነው ወይስ የፖሊስ መኪና?» አለ አባት። ቀጥሎ ክሩን፣ ጋዜጣውን፣ ሁለቱን ወንዞች ዘረዘረለት። ልጁ በትሕትና ሰምቶ ሲጨርስ «ለምን ክር? አንተን ይዘውህ አይሄዱም ነበር?» አለው። መልስ አልተሰጠም። አባት ግን ዐይኑን አንድ ባለማሰሪያ ጥቁር የቆዳ ጫማ ላይ ተክሏል፤ ያኔ እናቱን ለምኖ የተከለከለውን ዓይነት መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ሠላሳ ዓመት የቆየ አምሮቱን በስምንት ዓመት ልጅ እግር ሊወጣ ነው።

ልጁ ለካው። «ይከብዳል፤ ደግሞ ይይዘኛል» አለ።

«ቆዳ ስለሆነ ይለጠጣል» አለች ሻጯ።

አባት ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ አፍንጫውን ጫን ጫን እያደረገ «ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነገረችው። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ሱሪውን አራገፈ፤ ጫማውን ወደ መደርደሪያው መለሰ።

«መብራት ያለውስ?»

ይህንንም ነገረችው።

«ባትሪው ሲያልቅ ይቀየራል?»

«ይቀየራል፣ ጋሼ» አለች፣ «ይለጠጣል» ባለችበት አፏ።